የኢጣልያ ባላገር ቤት የመጸው ማዕድ

የኛ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ሲከፍሉ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ጊዜ መጸው ብለው ይጠሩታል። ኢጣልያኖች አውቱኖ የሚሉት ወራት ከዚሁ በሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ይገባል፤ በሁለት ሳምንት ያህልም ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ቃሉን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው ችግር የለበትም፤ ችግሩ የሚመጣው የወራቱን መልክ ለመግለጽ ሲነሣ ነው። በኛ በኩል መጸው ማለት ዝናቡ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው በአደይ አበባ የሚያሸበርቅበት፣ እሸት የሚቀመስበት ጊዜ ነው። በሰሜን ኢጣልያ ግን ቀኑ እያጠረ፣ ጉሙ በፖ ወንዝ ሜዳ ላይ እየተኛ፣ ቅጠሉ እየረገፈ፣ ሰውም ከብትም ወደ ብርድ የሚያዘቀዝቁበት ወራት ነው። መከሩ ገብቷል፤ ነገር ግን እስከ ሚያዝያ ድረስ ከምድር የሚለቀም አዲስ ነገር ጥቂት ስለ ሆነ፣ ጎተራው የሚታየው በደስታ ብቻ ሳይሆን በሒሳብም ነው።

ዛሬ በሚላኖም ሆነ በሮማ፣ ከዚያም አልፎ በሩቅ አገር ከተሞች ባሉ ምግብ ቤቶች፣ በመጸው ጊዜ ከፍ ባለ ዋጋ የሚቀርቡት ምግቦች፣ ማለት የዱባ ሩዝ፣ የበቆሎ ገንፎ ከእንጉዳይ ጋር፣ የቦሎቄና የጎመን ሾርባ፣ የካስታኛ ዱቄት ቂጣ፣ አብዛኞቹ ከዚህ ሒሳብ የተወለዱ ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው ቅመሙን አሟልቶ፣ ቅቤውን አብዝቶ ሊያበስላቸው ይችል ይሆናል፤ ሆኖም ጣዕማቸውን አያገኘውም። የነዚህ ምግቦች ብልኀት ያለው በነገሩ ብዛት ሳይሆን በጥቂቱ ነገር አያያዝ ላይ ነውና።

ሒሳቡ የሚዘጋበትም ቀን የታወቀ ነበር። ኅዳር 2፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 11፣ በነሱ ዘንድ የቅዱስ ማርቲኖ በዓል ነው። በሰሜን ኢጣልያ የእርሻ ውል የሚያልቀውና የሚታደሰው በዚሁ ቀን ነበር። ባለርስቱ ውሉን ያላደሰለት ቤተ ሰብ አልጋውንና ድስቱን በጋሪ ጭኖ ሌላ ጌታ ፍለጋ ይሄዳል፤ ከዚህም የተነሣ «ሳን ማርቲኖ ማድረግ» የሚለው አነጋገር ቤት ለቆ መሄድ ማለት ሆኖ ቀርቷል። በመካከለኛው ኢጣልያ፣ ይልቁንም በቶስካና፣ ባላገሩ መሬቱን የሚያርሰው በእኩል ነበር፤ ከእህሉም፣ ከወይኑም፣ ከወይራ ዘይቱም ግማሹ የባለርስቱ ነው። እንዲህ ያለውን ውል እንደ አዲስ መዋዋል በሕግ የተከለከለው በ1964 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቅዱስ ማርቲኖ ዕለት አዲሱ የወይን ጠጅ ይቀመሳል፤ የቻለ ዝይ ያርዳል፤ ያልቻለ ካስታኛ ይጠብሳል። ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ በመደብሩ ያለውን ዕቃ እንደሚቈጥር ሁሉ፣ የቤቱም እመቤት በዚያ ሰሞን ጆንያውን፣ የዘይቱን እንስራ፣ ከጣራ የተንጠለጠለውን ሽንኩርት ትቈጥራለች። ድስቱ የሚጣደው ከዚህ በኋላ ነው።

ስለ ኢጣልያ የቤት ምግብ ሲነገር ስሙ የማይቀረው ፔሌግሪኖ አርቱዚም ነጋዴ ነበር። በ1820 በፎርሊምፖፖሊ ተወልዶ፣ በፊሬንሴ ከተማ ሲነግድ ኖሮ ሀብት ካደራጀ በኋላ፣ ንግዱን ትቶ ስለ ወጥ ቤት ዕውቀትና ስለ መልካም አመጋገብ ብልኀት መጽሐፍ ጻፈ። አሳታሚ ስላላገኘለት በ1891 አንድ ሺህ ቅጂ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። እስከ ሞተበት እስከ 1911 ድረስ መጽሐፉ ዐሥራ አምስት ጊዜ ታተመ፤ በመጀመሪያው እትም 475 የነበረው የምግብ አሠራርም 790 ደረሰ፤ የቤት እመቤቶች ከየአውራጃው እየጻፉ ይልኩለት ነበርና። የመጽሐፉንም ጥቅም ለሁለቱ አገልጋዮቹ፣ ለወጥ ሠሪው ለፍራንቼስኮ ሩፊሊና ለማሪየታ ሳባቲኒ ተናዘዘላቸው። ኢጣልያ በ1861 በመንግሥት አንድ ሆና ሳለ የቬኔቶው ሰው የሲቺልያውን ድስት አያውቅም ነበር፤ አርቱዚ በማዕድ አስተዋወቃቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢጣልያንኛ የምግብ መጻሕፍት ውስጥ አስተርጓሚን የምታስቸግር አንዲት ምሕጻረ ቃል አለች፤ «ኩ. ቢ.» ትባላለች። ስትተነተን «ኳንቶ ባስታ» ነው፤ የሚበቃውን ያህል ማለት ነው። ጨው፣ ኳንቶ ባስታ፤ ዘይት፣ ኳንቶ ባስታ። የመንግሥት ወረቀት ሲተረጉም የሚውል ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥመው ደስ አይለውም፤ በአንድ ደንብ ውስጥ «የሚበቃውን ያህል ግብር ይከፈል» ተብሎ ቢጻፍ ስንት ክርክር በተነሣ ነበር! በወጥ ቤት ግን ይህች ቃል ስንፍና አይደለችም። ዱባው ውሃ የቋጠረ ወይም የደረቀ፣ ቦሎቄው የዘንድሮ ወይም የአምና ሊሆን ስለሚችል፣ ጸሐፊው የመጨረሻውን ፍርድ ድስቱ አጠገብ ለቆመው ሰው ትቶለታል ማለት ነው። እኔም ከዚህ በታች የምሰጠውን ልክ አንባቢ በዚሁ መንፈስ እንዲቀበለው እለምናለሁ።

የአብዛኞቹ ድስቶች መነሻ ሶፍሪቶ ነው። ለአገራችን ባለሙያ ሴት ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ የነሱ ቁሌት ነው ቢሏት ይገባታል። ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። የኛ ቁሌት በቀይ ሽንኩርት ብዛት የሚቆም ነው፤ ሽንኩርቱ በደረቁ ይቁላላና ውሃውን ሲጨርስ ዘይቱ ወይም ቅቤው ይጨመራል፤ መጨረሻውም ሽንኩርቱ ሟሙቶ የወጡ አካል መሆኑ ነው። ሶፍሪቶ ደግሞ ጥቂት ነው። ለአራት ሰው አንድ መካከለኛ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ አንድ ዘንግ ሴዳኖ (መዓዛ ያለው አገዳማ የሾርባ ቅጠል ነው) በደቃቁ ተከትፈው ከመጀመሪያው ጀምሮ በሦስት ማንኪያ የወይራ ዘይት ውስጥ በዝግተኛ እሳት ዐሥር ደቂቃ ያህል ይለሰልሳሉ። መጥቆር የለባቸውም። የጠቆሩ እንደ ሆነ መራራው እስከ ሳህኑ ድረስ ይከተላልና፣ ደፍቶ እንደ ገና መጀመር ይሻላል። በኛ አገር ፓስታ፣ ላዛኛ፣ ፎርኖ የሚሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ ገብተው የራሳችን እስኪመስሉ ድረስ ተለምደዋል፤ ወደ ገበታችን የተሻገረው ግን በብዛት ፓስታው ከነስልሱ ነው። የመጸው ድስት ሳይሻገር መቅረቱ የሚያሳዝን ነው፤ ከሚያስፈልገው ነገር ብዙው በገበያችን አለና።

ከዱባው እንጀምር። በሎምባርድያና በቬኔቶ ዱባ በመጸው መጀመሪያ ተለቅሞ በደረቅ ስፍራ ከተቀመጠ ክረምቱን ይሻገራል፤ አስቀድሞ የተወደደውም በዚሁ በመቆየቱ ነው። የማንቶቫ ሴቶች የበሰለውን ዱባ አማሬቲ ከሚባለው የለውዝ ብስኩትና ሰናፍጭ ካለበት የፍራፍሬ ጣፋጭ ጋር ቀላቅለው በቀጭን ሊጥ ይጠቀልሉታል፤ ቶርቴሊ ይባላል፤ በልደት ዋዜማ ሥጋ በማይበላበት ማታ የሚቀርብ ነው። ጣፋጩና ጨዉ አንድ ላይ ስለሚመጡ ያልለመደው ሰው በመጀመሪያው ጉርሻ ይደነግጣል። ይህ የበዓል ሥራ ነው፤ የዘወትሩ የዱባ ሩዝ ነው።

ለአራት ሰው 320 ግራም ሩዝ፣ ልጣጩና ፍሬው ወጥቶ የተመዘነ 500 ግራም ዱባ፣ አንድ ትንሽ ሽንኩርት፣ አንድ ሊትር ከሩብ ያህል መረቅ፣ 50 ግራም ቅቤና 50 ግራም የተፈቀፈቀ ፓርሚጃኖ ፎርማጆ ይበቃል። ሩዙ አጠርና ወፈር ያለ ፍሬ ያለው፣ አርቦሪዮ፣ ካርናሮሊ ወይም ቪያሎኔ ናኖ ከሚባሉት ዓይነቶች መሆን አለበት፤ ረጅሙና ቀጭኑ ሩዝ ለሌላ ሥራ ነው። በቤታችን ሩዝን አጥቦ ማብሰል የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን መታጠብ የለበትም፤ መረቁን የሚያወፍረው በፍሬው ላይ ያለው ዱቄት ነውና። በቅቤው እኩሌታ ሽንኩርቱ ሲለሰልስ በትንንሹ የተቈረጠው ዱባ ከአንድ ጭልፋ መረቅ ጋር ገብቶ እስኪፈርስ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይበስላል። ዱባው ውሃ የበዛበት ከሆነ አስቀድሞ በፎርኖ ጠበስ አድርጎ ማድረቅ ይጠቅማል። ከዚያ ሩዙ ይጨመርና ሁለት ደቂቃ ይታመሳል፤ መረቁም እየፈላ ጭልፋ በጭልፋ ይገባል። ቀዝቃዛ መረቅ የጨመረ ሰው የድስቱን ሙቀት ስለሚገድለው ሩዙ ከላይ ይላቁጥና ከውስጥ ጥሬ ይሆናል። ከ16 እስከ 18 ደቂቃ ሲሆን ድስቱ ይወርዳል፤ የቀረው ቅቤና ፎርማጆው ገብቶ በኃይል ይማሰላል። ሳህኑ ነቅነቅ ሲደረግ ሩዙ እንደ ማዕበል መሄድ አለበት፤ እንደ ተራራ የቆመ እንደ ሆነ ውሃው አንሷል። እንግዳ የሚዘገይበት ቤት ይህን ምግብ ባይሠራው ይሻላል፤ ተቀምጦ አይጠብቅም።

ስለ እንጉዳይ ሲነሣ ወጥ ቤት ከአስተዳደር ጋር ይገናኛል። ፖርቺኒ የሚባለው እንጉዳይ ከመጸው ዝናብ በኋላ በካስታኛና በሌሎችም ዛፎች ሥር ይበቅላል፤ በፓርማ አውራጃ የቦርጎታሮው ስመ ጥር ነው። ሕዝቡ ሁሉ ቅርጫት ይዞ ወደ ዱር ስለሚወጣ በ1993 የወጣው ቁጥር 352 ሕግ አንድ ሰው በቀን ከሦስት ኪሎ በላይ እንዳይለቅም ወስኗል፤ የላስቲክ ከረጢትም ከልክሏል፤ ዘሩ በመንገድ ላይ እየረገፈ እንዲሄድ መያዣው ቀዳዳ ያለው መሆን አለበትና። በየአውራጃው የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤትም የእንጉዳይ መርማሪ እንዲኖር ያዛል፤ ለቃሚው የተጠራጠረውን ወስዶ ያስመረምራል። ይህ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። አማኒታ ፋሎይዴስ የሚባለው መርዘኛ እንጉዳይ ሲበሉት መልካም ጣዕም አለው ይባላል፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከስድስት እስከ ኻያ አራት ሰዓት ከቆየ በኋላ ሲሆን፣ መርዙ ጉበትን ያጠፋል፤ መቀቀልም ማድረቅም አያበርደውም። እንግዲህ የኢጣልያን መጽሐፍ ሥዕል ይዞ በሌላ አገር ጫካ እንጉዳይ መልቀም ሞትን መፈለግ ነው። የደረቀውን ፖርቺኒ ከሱቅ መግዛት ይበቃል፤ 30 ግራም ለአራት ሰው ድስት መዓዛ ይሰጣል። ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ውሃው አሸዋ ስላለበት በጨርቅ ይጠለልና አብሮ ይገባል፤ የመዓዛው እኩሌታ እሱ ዘንድ ነውና አይደፋም።

የፒዬሞንቴ ሰዎች ምግብ ለነጋዴ አንባቢ የሚስማማ ታሪክ አለው። ፒዬሞንቴ የባሕር በር የሌለው አገር ነው፤ ሆኖም የወይን ለቀማው ሲፈጸም የሚበሉት ባኛ ካውዳ ከጨው ዓሣ የሚሠራ ነው። ዓሣው፣ አቹጋ የሚባለው ትንሹ፣ በጨው ታሽጎ ከሊጉርያ ወደብ ተራራውን ተሻግሮ ይመጣ ነበር፤ የማይራ ሸለቆ ሰዎች እርሻቸው በበረዶ ሲሸፈን በጋሪ እያዞሩ መሸጥን ሙያቸው አደረጉት። ቀረጥ ከባድ የነበረበትን ጨው ከዓሣው ሥር ደብቀው ያሳልፉ ነበር የሚል አፈ ታሪክም አለ፤ የጉምሩክ ሰዎች እንዴት እንደሚያዩት አላውቅም። አሠራሩ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ 50 ግራም ጨው የታጠበለት አቹጋና ግማሽ ብርጭቆ የወይራ ዘይት በሸክላ ዕቃ ሆኖ በጣም ዝግ ባለ እሳት እስኪሟሙ ድረስ ይቀመጣል፤ መጥበስ የለበትም። በመካከል በእሳት ላይ ይቀመጥና እያንዳንዱ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሥር እያጠቀሰ ይበላል። በማግሥቱ ቢሮ የሚገባ ሰው ግን ከባልደረቦቹ ጋር አብሮ ቢበላው ይሻላል።

አሁን ወደ ፖሌንታ እንምጣ። ፖሌንታ የበቆሎ ገንፎ ነው። በቆሎ ከአሜሪካ ወደ አውሮጳ ከገባ በኋላ በቬኔቶ፣ በፍሪዩሊና በሎምባርድያ ሜዳ ቀስ በቀስ ተስፋፍቶ የባላገሩ ዋና እህል ሆነ። በቆሎ ከስንዴ ይልቅ ብዙ ምርት ስለሚሰጥ፣ ስንዴው ወደ ገበያ እየሄደ ለአራሹ በቆሎው ቀረለት። እንዲህ እየሆነ ድኻው ጧት ፖሌንታ፣ ቀትር ፖሌንታ፣ ማታም ፖሌንታ የሚበላ ሆነ። ከዚያ በኋላ በጸደይ ፀሐይ የነካው የባላገሩ እጅና አንገት ይቀላ፣ ይሻክር፣ ይላጥ ጀመር፤ ሆድ ያስቀምጣል፤ እየቆየም አእምሮን ያናውጣል፤ ብዙ ሰውም በዚሁ አለቀ። በ1771 የሚላኖ ሐኪም ፍራንቼስኮ ፍራፖሊ ባላገሩ ራሱ ይጠራበት በነበረው ስም ፔላግራ ብሎ ጻፈው፤ የሻከረ ቆዳ ማለት ነው።

በ1902 የኢጣልያ መንግሥት ፔላግራን ስለ መከላከል ሕግ አወጣ። ሕጉ ለአስተዳዳሪ ሁሉ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ፣ ከነሱም ዋናው ቼዛሬ ሎምብሮዞ፣ በሽታው የሚመጣው ከሻገተ በቆሎ መርዝ ነው ብለው ያምኑ ነበርና፣ ሕጉ የተበላሸ በቆሎ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ማድረቂያዎችም እንዲሠሩ አደረገ። ደግሞም ለበሽተኞች የተሻለ ምግብ እንዲሰጥ አዘዘ። ምክንያቱን ሳያውቁ ያዘዙት ይህ የኋለኛው ክፍል ነው በእውነት የጠቀመው። በአሜሪካ ሐኪሙ ጆሴፍ ጎልድበርገር ከ1914 ጀምሮ ባደረገው ምርመራ በሽታው ከምግብ ጉድለት እንጂ ከተላላፊ ነገር እንዳልሆነ አስረዳ፤ በ1937ም የጎደለው ነገር ዛሬ ኒያሲን የምንለው ቪታሚን መሆኑ ታወቀ። ይህ ነገር በበቆሎ ውስጥ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሰውነት ሊወስደው በማይችልበት አኳኋን ተቋጥሮ ይገኛል። የሜክሲኮ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በቆሎውን ከኖራ ጋር ቀቅለው ስለሚያጥቡት ቋጠሮው ይፈታላቸዋል። እህሉ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኢጣልያ ሲገባ ብልኀቱ አብሮ አልተሻገረም።

ስለ ማዕድ በሚነገርበት ጽሑፍ ውስጥ በሽታ ማንሣቴ ያለ ነገር አይደለም። ኢጣልያኖች ከእንጀራ ጋር የሚበላውን ሁሉ ኮምፓናቲኮ ይሉታል፤ የኛ «ማባያ» የሚለው ቃል ልክ ይገጥመዋል። በፖሌንታ አጠገብ የሚቀመጠው ቦሎቄ፣ የፎርማጆ ቁራጭ፣ ጥቂት ዓሣ ወይም የጥንቸል ሥጋ እንደ ጌጥ እንዳይታይ ነው። የሰውየው ጤና ያለው እዚያ ነበር። ባለጸጋው ፖሌንታን ለወጥ ማባያ አድርጎ በላው፤ ድኻው ግን ያለ ማባያ ስለ በላው ታመመ። ፔላግራ ከኢጣልያ ጠፍቷል፤ የጠፋውም ባላገሩ ፖሌንታ ስለ ተወ ሳይሆን በአጠገቡ የሚያስቀምጠው ነገር ስላገኘ ነው።

ለስድስት ሰው 500 ግራም ሸካራ የበቆሎ ዱቄት፣ ሁለት ሊትር ውሃና አንድ ማንኪያ ጨው ይያዛል። የኛ ገንፎ ዱቄቱ ገብቶ በኃይል እየተገነፋ በፍጥነት ይደርሳል፤ ፖሌንታ ግን ውሃው ሊፈላ ሲል ዱቄቱ በአንድ እጅ እንደ ካፊያ እየተነሰነሰ፣ በሌላው እጅ እየተማሰለ ይገባል፤ ከዚያም ዝግ ባለ እሳት 45 ደቂቃ ይቆያል። በሩብ ሰዓት የበሰለ ይመስላል፤ ሲቀመስ ግን ጥሬ ዱቄት ዱቄት ይላል። ከድስቱ ጎን መላቀቅ ሲጀምር በእንጨት ገበታ ላይ ይገለበጣል፤ በቢላዋ ሳይሆን በክር ይቈረጣል። ማባያው በሶፍሪቶና በጥቂት ቲማቲም የበሰለ ቦሎቄ ቢሆን ከሁሉ ርካሽና ከሁሉ የተሟላ ነው። ሲያድር ተቈርጦ በከሰል ላይ ይጠበሳል፤ ብዙ ሰው ከትኩሱ ይልቅ ይህን ይመርጣል፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ።

የቶስካና ሪቦሊታ ስሟ ራሱ ዳግመኛ የፈላች ማለት ነው። ለስድስት ሰው 400 ግራም ነጭ ቦሎቄ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድርና ከአንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጋር በዝግታ ይቀቀላል፤ ጨው በመጨረሻ ይገባል። ለዚህ የሚሆን ቦሎቄ በአገራችን አይጠፋም፤ ነጭ ቦሎቄ ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከሚላኩት ጥራጥሬዎች አንዱ ነው። እኩሌታው ተፈጭቶ ወደ መረቁ ይመለሳል። በሌላ ድስት ሶፍሪቶ ተሠርቶ ግማሽ ኪሎ ካቮሎ ኔሮ የሚባለው ጥቁር ጎመን፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ድንችና አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ይገባል፤ የቦሎቄው መረቅ ተጨምሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያላነሰ ይበስላል። ካቮሎ ኔሮ ውርጭ ከነካው በኋላ ይለሰልሳል፤ ይጣፍጣልም ይላሉ፤ እሱ በሌለበት የሐበሻ ጎመን ከጥቅል ጎመን ይልቅ ይተካዋል። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን የከረመ የፎርኖ ዳቦ ተቈራርጦ ከሾርባው ጋር ተራ በተራ ይነጠፍና ያድራል። የቶስካና ዳቦ ጨው የለውም፤ የኛው ጨው ስላለው ድስቱ ላይ እጅ መሰብሰብ ያሻል። በማግሥቱ በሰፊ መጥበሻ በዘይት ዳግመኛ ይፈላል፤ ሲወፍር ይወርዳል። በላዩ የሚፈሰው የወይራ ዘይት ጥሬ ነው፤ በኅዳር ወር ከመጭመቂያ የወጣ አዲስ ሲሆን አረንጓዴና ጉሮሮ የሚቆነጥጥ ነው።

በዚህ ድስት ውስጥ ቅቤም ሥጋም ወተትም የለም። ጾመ ጽጌን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በፈቃዱ ለሚጾም፣ ኋላም በኅዳር 15 የሚጀመረውን የነቢያት ጾም ለሚይዝ ቤት፣ ምንም ሳይቀነስለት የሚቀርብ ነው። የኛ ጾም ወራትና የነሱ የጎመን ወራት እንዲህ መገጣጠማቸው መልካም አጋጣሚ ነው፤ ሽሮን ለጥቂት ቀን ማሳረፍም ኃጢአት አይሆንም።

የመጨረሻው ካስታኛ ነው። አማርኛ ስም የለውም፤ ቡናማ ልጣጭ ያለው፣ ውስጡ ነጭና ጣፋጭ የዛፍ ፍሬ ነው። የአፔኒን ተራራ ሰዎች ዛፉን የእንጀራ ዛፍ ይሉታል፤ ስንዴ በማይበቅልበት ዳገት ላይ ያኖራቸው እሱ ነበርና። ፍሬው በጥቅምት ተለቅሞ ሜታቶ በምትባል ትንሽ የድንጋይ ቤት ውስጥ፣ በርብራብ ላይ ተሰጥቶ ከሥር ዝግተኛ እሳት እየጤሰበት ከወር በላይ ይደርቃል፤ ከዚያ ተወቅጦና ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል። በ2002 በፒዬሞንቴ ከእስያ የመጣ ትንሽ ተርብ መሰል ነፍሳት በዛፎቹ ላይ ታይቶ ምርቱን ክፉኛ ጎዳው። መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ ከ2005 ጀምሮ የነፍሳቱን ጠላት፣ ቶሪሙስ የሚባለውን ሌላ ነፍሳት፣ ከእስያው አምጥተው ለቀቁበት፤ በጥቂት ዓመታትም ጉዳቱ ቀነሰ።

ካስታኛቾ የሚባለው ቂጣ ስኳርም እርሾም አይገባበትም። 400 ግራም የካስታኛ ዱቄት በወንፊት ተነፍቶ ከ600 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከቁንጥር ጨውና ከሁለት ማንኪያ የወይራ ዘይት ጋር ጉብታ እስከማይቀርበት ድረስ ይበጠበጣል፤ አንድ እፍኝ ዘቢብ ይጨመርበታል። በዘይት የታሸ ዝቅተኛ ትሪ ላይ ከጣት ውፍረት በማይበልጥ ይፈስሳል፤ ፒኖሊ የሚባለው የዛፍ ፍሬና የጥብስ ቅጠል ይነሰነስበታል፤ ጥቂት ዘይትም ከላይ ይንጠባጠብበታል። በ200 ዲግሪ ሙቀት በፎርኖ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ሆኖ ፊቱ እንደ ደረቀ መሬት ሲሰነጣጠቅ ይወጣል፤ ለብ ሲል ይበላል። ያላፋ፣ ጣፋጩ ያነሰ የሚመስለው ሰው ስኳር ለመጨመር አይቸኩል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዱቄቱ ነው። የካስታኛ ዱቄት አዲስ ሲሆን በራሱ ጣፋጭ ነው፤ ከዓመት በላይ የከረመው ግን ይመርራል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት በጣት ጫፍ ነክቶ መቅመስ ይገባል፤ ሻጩ አላስቀምስም ያለ እንደ ሆነ ወደ ሌላው ሱቅ መሄድ ነው።